የማይታየው በሬ



ወሩ ታኅሣሥ ነው። በወረታ ዙሪያ፣ በፎገራ ሜዳ፣ ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል። ጨረቃ የለችም፤ ውቂያው ግን ስላላለቀ ሁለት በሬዎች አንገት ለአንገት ተያይዘው አውድማውን ይዞራሉ። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ጋቢዬን ተከናንቤ ከክምሩ ጥግ ሳይ የሚታየኝ ነጩ ብቻ ነው። ግን ብቻውን ያለ በሬ እንዲህ አይሄድም፤ ይሳባል፣ ይገታል፣ አንገቱን ወደ ጎን ይሰብራል። ጥቁሩ መኖሩን ከነጩ አካሄድ አወቅሁ።

ሰማይም እንዲህ ያለ ጥማድ አለው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ጎረቤታችን ኬንያ የነጻነቷን 7ኛ ዓመት በምታከብርበት ዕለት፣ ከማሊንዲ ፊት ለፊት ባሕር ላይ ከቆመው የጣልያኖች መድረክ አንዲት የአሜሪካ ሳተላይት ተተኮሰች። ኡሁሩ አሏት፤ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። ሥራዋ ከሰማይ የሚመጣ የራጅ ጨረር መልቀም ነበር። አዎ፣ ያው አጥንት የምንነሣበት ራጅ! ከኮከብ ሲመጣ አየራችን ይውጠዋልና ለማየት ከአየር በላይ መውጣት ግድ ነው።

በዚያው ዓመት ኡሁሩ በደቡብ ሰማይ፣ ሴንታውረስ በሚባለው የከዋክብት መንደር፣ የልብ ትርታ የመሰለ ምት አገኘች። በየ4.8 ሰከንዱ። እስኪ አብራችሁኝ ቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አም... መታ! በየሁለት ቀኑ ገደማ ደግሞ ለግማሽ ቀን ያህል ጭጭ ይላል። ምቱም አንዴ እስከ 40 ሰከንድ ይቀድማል፣ አንዴ ያንኑ ያህል ይዘገያል። የሚመታው ነገር እየዞረ ነዋ! ወደ እኛ ሲቀርብ ምቱ ይፈጥናል፣ ማዶ ሲሻገር ይዘገያል፣ ከትልቁ ኮከብ ጀርባ ሲገባ ይጠፋል።

ያ ትልቁ ኮከብ የፀሐይን ክብደት 20 ጊዜ ያህላል። አጣማጁ ኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ፈንድቶ ያለቀ ኮከብ እምብርት። ፀሐይን የሚያህል ክብደት የታመቀበት ስፋት ከወረታ ቢነሣ ባሕር ዳር እኩሌታ መንገድ ሳይደርስ ያልቃል። አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታክል ቁራጩ በሚሊዮን የሚቆጠር ቶን ትመዝናለች። የትልቁን ጋዝ ወደ ራሱ ይስባል፤ የወደቀው ጋዝ ግሎ ግሎ በራጅ ያበራል።

አሁን ወደ ሰሜን ዙሩ። የተገለበጠ ንጉሡ ሠ የመሰሉ አምስት ኮከቦች አሉ። ግሪኮች ካሲዮፔያ ይሏታል፤ በተረታቸው የኢትዮጵያ ንግሥት ናት። መካከለኛዋ ኮከብ፣ ጋማ ካሲዮፔያ፣ እጅግ ከመሽከርከሯ የተነሣ ጋዟን እየረጨች በወገቧ ዙሪያ ቀለበት ሠርታለች። ራጅ እንደምታወጣ እ.ኤ.አ. በ1976 ታወቀ። አካሄዷም እንደ ነጩ በሬ ነው፤ በ203 ቀን አንዴ ከማይታይ አጣማጅ ጋር ትዞራለች። የአጣማጇ ክብደት ፀሐይን ያህላል። ማን ይሆን? ኒውትሮን ኮከብ ነው ያሉ አሉ። ታዲያ ራጇ ስለ ምን ደከመ? ይላሉ ሌሎቹ፤ ነጭ ድንክ የሚባለው የከሰመ ኮከብ ነው ብለው ይሟገታሉ። ራጁ ከራሷና ከቀለበቷ የሚወጣ ነው ያሉም አልጠፉ።

ጥቁሩ በሬ በጎኔ ሲያልፍ ትንፋሹን ሰማሁት። የንግሥቲቱ አጣማጅ ግን እስካሁን አንድ ምት አላሰማም።