የብራና ጨረቃና የዓይን ጨረቃ

ዓለም ከተፈጠረ በ7387፣ በ1887 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ አበቅቴ 4፣ መጥቅዕ 26 በሆነበት ዓመት ዐፄ ምኒልክ ወደ ወላይታ ዘመቱ። የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋርም አብረው ነበሩ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦናም ስለ አገራቸው ጽኑ ውጊያ ተዋጉ፤ እጅግ ብዙ ሰውም አለቀ። በመጨረሻ ካዎው ቆስለው ተማረኩ፤ የወላይታም መንግሥት በዚያው አበቃ።

የታሪክ ጸሓፊ ዘመኑን በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ይጀምራልና እኔም እንዲሁ ጀመርሁ። ስሌቱም እንዲህ ነው፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመተ ፍዳ ከ1887 ጋር ተደምሮ ለ19 ሲካፈል 15 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ይተዋል፣ የቀረው 14 ወንበር ይባላል። 14 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 4 ይተርፋል፤ አበቅቴ የሚባለው ይህ ነው፤ ለ30 የጎደለው 26 ደግሞ መጥቅዕ ነው። በ11 መባዛቱም 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ሆነው ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ስለሚጎድሉ ነው።

ከስሌት ሌላ መሣሪያም አለ፤ በሌላው ዓለም ከዋክብትን የሚለኩበት፣ አስትሮላብ የሚባል የናስ ሰሌዳ ነበረ። በእኛም የግእዝ መጻሕፍት ሰው ጥላውን በገዛ እግሩ ጫማ ለክቶ ሰዓት የሚያውቅበት ሰንጠረዥ አለ፤ ቁመቱ የረዘመ ሰው ጫማውም ይረዝማልና ልኩ ብዙ አይዛባም።

የወላይታ ጠቢብ መሣሪያ ግን ዓይኑ ነበረ። በካዎው ዘንድ የነበሩ ሽማግሌዎች ሌሊቱን ሰማይ እያዩ የጨረቃዋን ብርሃን ፖኦ፣ ጨለማዋን ጡማ ብለው ይቆጥሩ ነበር፤ የዘመን መለወጫው የጊፋታ ቀንም በእነርሱ ቃል ይቆረጥ ነበር። ዳሞታ ተራራ ደመና በለበሰ ሌሊትማ ያለፈውን ቁጥር በልብ ይዞ ከመጠበቅ በቀር ምን መላ አለ?

አሁን ልብ በሉ። በዚያው በ1887 ዓመት መስከረም 20 ቀን በስሌቱ አበቅቴ 4፣ ሕጸጽ የሚባለው የወር ጉድለት 1፣ ዕለቱ 20፣ በድምሩ የጨረቃ 25ኛ ሌሊት ነበረ። በሰማይ ግን ጨረቃ በዚያ ቀን ከፀሐይ ጋር ተጋጥማ ጠፍታ ነበር። ስሌቱ በ300 ዓመት 1 ቀን ያህል ከሰማይዋ ጨረቃ ይዘገያልና ነው። አባቶች በዓላትን በአንድነት ያጸኑበትን ሥርዓት አልነቅፍም፤ የወላይታው ሽማግሌ ግን እውነተኛይቱን ጨረቃ ይቆጥር ነበር እላለሁ።

ዛሬ ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል፤ መስቀልም በ17 መካከሉን ይዟል። በወላይታዋ ሶዶ «ዮዮ ጊፋታ» ሲባል ስሰማ፣ የእነዚያ ጨረቃ ቆጣሪዎች ስም ከካዎዎቹ ስም ጎን ተጽፎ ባየው እወድዳለሁ።