ሰርፌስ ፕሌት

ሰርፌስ ፕሌት (የልኬት ገበታ) ማለት በብረታ ብረት ሥራ ለልኬት፣ ምልክት ለማውጣትና የአንድን ዕቃ ጠፍጣፋነት ለመፈተሽ መነሻ የሚሆን፣ ፊቱ እጅግ የተስተካከለ ወፍራም የድንጋይ ወይም የካስት አይረን ገበታ ነው። ጠረጴዛ ቢመስልም አይቀጠቀጥበትም፣ አይበየድበትም። ገበታው ከተሳሳተ በላዩ የተለካው ሁሉ አብሮ ይሳሳታል።

ትክክለኛ ጠፍጣፋ ፊት የሚገኘው ሦስት ገበታዎችን ሁለት ሁለት እያደረጉ በማመሳከር ነው። ሁለት ብቻ ከሆኑ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው አብጦ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ሦስቱም እርስ በርስ የሚገጥሙት ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1840 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ላይ ባቀረበው ጽሑፍ ፊቱ በመፍተግ ሳይሆን በመፋቂያ እየተፋቀ እንዲስተካከል አስረድቷል። የግራናይት ገበታ የመጣው ዘግይቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ነው። ድንጋዩ አይዝግም፤ ሲመታም ይፈረፈራል እንጂ እንደ ብረት ጠርዙ ወደ ላይ አይነሳም። ካስት አይረን በበኩሉ ማግኔት ስለሚይዝና በሰማያዊ ቀለም ለሚደረግ ማመሳከሪያ ስለሚመች እስካሁን ይፈለጋል።

በአርሲ ደጋ

ስንዴና ገብስ በኮምባይነር በሚታጨድበት በአርሲ ደጋ፣ በአሰላም ሆነ በሮቤ (ከባሌዋ ሮቤ ጋር መምታታት የለባትም) ለሚከፈት አነስተኛ ጋራዥ ወይም ቶርኖ ቤት የገበታ ምርጫ የሚጀምረው ከሚሠራው ሥራ ነው። ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቆ የተጣመመ ቴስታታ ነው። ብዙ የሞተር አምራቾች የሚፈቅዱት መጣመም ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ነው። ጠማማው ቴስታታ ሳይታወቅ ቢገጠም ጓርኒሲዮኑ እንደገና ይቃጠላል፤ ማሽኑም እህል በደረሰበት ሳምንት ይቆማል።

በጀርመኑ ዲአይኤን 876 መሠረት 63 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ ገበታ በደረጃ 00 ሲሆን 3.3 ማይክሮን ያህል፣ በደረጃ 0 6.5፣ በደረጃ 1 16 ገደማ፣ በደረጃ 2 33 ገደማ ስሕተት ይፈቀድለታል (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። 0.05 ሚሊሜትር 50 ማይክሮን ስለሆነ ደረጃ 1 ብቻውን የወሰኑን ሲሶ ይበላል። ለምልክት ማውጣት ይበቃል፤ ለቴስታታ ግን ደረጃ 0 ይሻላል። የስድስት ሲሊንደር ሞተር ቴስታታ ከ63 ሴንቲሜትር ሊረዝም ስለሚችል መጠኑም አብሮ ይታሰባል።

ደረጃ 00 ግን በዚህ አካባቢ ለአነስተኛ ቤት ብዙውን ጊዜ የባከነ ገንዘብ ነው። አሰላና ሮቤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በአጨዳው ወራት ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀን ደግሞ ፀሐይ የቆርቆሮ ጣሪያውን ታግላለች። 63 ሴንቲሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት የላይኛው ፊቱ ከታችኛው በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ቢሞቅ መሐሉ 3 ማይክሮን ያህል ያብጣል፤ ይህም ደረጃ 00 ከሚፈቅደው ሁሉ ጋር የሚተካከል ነው። ስለዚህ ለከፍተኛ ደረጃ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለኮርኒስና ፀሐይ ለማይመታው ጥግ ቢውል የበለጠ ይጠቅማል።

ለወጥ ቤት የሚሸጠው ግራናይት ምትክ አይሆንም። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ነው፤ የተወለወለውም እንዲያበራ እንጂ ጠፍጣፋ እንዲሆን አይደለም። መስታወት ለትንንሽ ዕቃ ሊያገለግል ቢችልም በራሱ ክብደት ይለመጣል። የአካባቢው ድንጋይስ? ጭላሎና ካካ የእሳተ ገሞራ ተራሮች ናቸው። በገበያ «ጥቁር ግራናይት» የሚባለው ድንጋይ አብዛኛው የባዛልት ዘመድ መሆኑ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን እርሱ ከመሬት በታች ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ሲሆን በገጸ ምድር የፈሰሰው ባዛልት ቀዳዳና ስንጥቅ ይበዛበታል።

ያገለገለ ገበታ ሲገዛ

ያገለገለ ገበታ ብዙ ጊዜ የሚበላው መሐሉ ነው። ዳያል ኢንዲኬተር ረዘም ባለ ክንድ ከከባድ መቆሚያ ጋር ታስሮ፣ መቆሚያውም ጫፉም ገበታው ላይ ሆነው በዝግታ ሲገፋ መርፌው ከዘለለ ቦታው ተበልቷል ማለት ነው። ይህ ዘዴ ሰፊና ለስላሳ ጉብጠትን አያሳይም። ለዚያ በላቦራቶሪ መሣሪያ መለካት ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያ የልኬት ሥራ ብሔራዊ ተቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። የምስክር ወረቀት ያለው ገበታም ቢሆን ወረቀቱ የሚናገረው ስለተለካበት ቀን ነው።

63 በ40 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ ግራናይት 75 ኪሎግራም ገደማ ይመዝናል። ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎሜትር ያህል በመኪና ሲጓዝ ፊቱ በእንጨት መሸፈን፣ ከደረሰም በኋላ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይነካ መቆየት አለበት። የሚቀመጠው አምራቹ ምልክት ባደረገባቸው ሦስት ነጥቦች ላይ ነው፤ በአራት እግር ላይ ከሆነ የወለሉ ጥመት ወደ ገበታው ይተላለፋል። ውሃ ልክ መጠበቁ ለሥራ ይመቻል እንጂ ጠፍጣፋነቱን አይለውጥም። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ፊቱ ይጠረጋል፣ የመፍጫ ብናኝ ፊቱን ስለሚበላው መፍጫ ማሽን ከገበታው ርቆ ይተከላል፣ ሲያበቃም ክዳኑ ይደረጋል።