ወረታ ማለፊያ ብቻ ናትን? የፎገራ ሜዳ እንደ ታሪክ ቅርስ



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ጎብኚ ወረታን የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። እኔም የታሪክ ተማሪዎቼን ወደ ፋሲል ግንብ ስወስድ ለብዙ ዓመታት ስለ ፎገራ ሜዳ አንዳች ሳልናገር አልፌአለሁ። አንድ ቀን ግን አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ያን ሁሉ ግንበኛና ወታደር ማን ይመግበው ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ፎገራ የጉና ተራራ ልጅ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ሲወርዱ በየክረምቱ ሜዳውን እያጥለቀለቁ አፈር ያለብሱታል፤ ውኃው ሲሸሽ ሰፊ ግጦሽ ይተካል። ከሜዳው በስተ ሰሜን፣ እንፍራዝ አጠገብ የቆመው የጉዛራ ግንብ ለአፄ ሠርፀ ድንግል ይሰጣል። ቤተ መንግሥት ጎንደር ላይ ከመርጋቱ በፊት ነገሥታቱ የጣናን ዳርቻ መምረጣቸው አያስደንቅም፤ ሠራዊትና በቅሎ ከሣርና ከውኃ አይርቅምና። ሜዳውን ዘንግቶ ግንቡን ማድነቅ እንጀራውን ትቶ መሶቡን እንደ ማመስገን ነው።

ሜዳው የራሱ መዝገብ አለው። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ቀንደ አጭርና በወተቷ የተመሰገነችው የፎገራ ላም የዚህ ረግረግ ውጤት ናት። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ገባ፤ ውኃ የሚተኛበት መሬትም እህል ሰጠ። ዛሬ ገበሬው ሩዙን ካነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ የወረታ እናቶችም ሩዝ ከጤፍ ደባልቀው እንጀራ ይጋግራሉ።

ይሁን እንጂ ግጦሹ ሲታረስ ንጹሕ ዝርያዋ ላም ተመናመነች። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ረጃጅም እግር ወፎች የሚከርሙባቸው፣ ደለሉንም ከጣና በፊት የሚያስቀሩት የሸሸርና የወለላ ረግረጎች እየጠበቡ ነው። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ መዝገብ ብቻውን ግን ረግረግ አያድንም። ገበሬውንም አልወቅስም፤ ልጆቹን ማብላት ግዴታው ነው። ሆኖም ጎብኚው ወረታ ላይ ቢወርድ፣ በመስከረም ለምለሙን ሩዝ፣ በበጋ ወፎቹን ቢያይና ረግረጉን ለሚጠብቀው ገበሬ ቢከፍል፣ ያልታረሰ መሬትም እንጀራ ይሆናል።

እኔ ከእንግዲህ ተማሪዎቼን አስቀድሜ የማወርደው ወረታ ላይ ነው። ግንቡን የሚያዩት ያበላውን ሜዳ ከረገጡ በኋላ ይሆናል።