«ማን ነህ?» ሲባል ፕሮሰሰሩ ምን አለ?

ከጎፋ እስከ ጀሞ ያገለገለ ኮምፒውተር ለመግዛት የሚዞር ሁሉ አንድ ልማድ አለው፡፡ ሻጩ የሚለውን እንዳልሰማን ሆነን ማውሱን እንይዝና ፕሮፐርቲስን እንከፍታለን፡፡ እዚያ የተጻፈው የፕሮሰሰር ስም ዋጋውን ይቆርጣል፤ ብራችንን የምንቆጥረው እሱን አምነን ነው፡፡ ለመሆኑ ያንን ስም ማን ነገረው?

ራሱ ፕሮሰሰሩ ነዋ! ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1993 ከፔንቲየም ጋር ሲፒዩአይዲ የሚባል ትእዛዝ አመጣ፡፡ ፕሮግራሙ «ማን ነህ?» ይላል፣ ፕሮሰሰሩ በ12 የእንግሊዝኛ ፊደላት ይመልሳል፡፡ የኢንቴሉ «ጀኑዊን ኢንቴል»፣ የኤኤምዲው «ኦተንቲክ ኤኤምዲ»፡፡ ሳይሪክስ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ ደግሞ «ሳይሪክስ ኢንስቴድ» አለ፤ «በምትኩ ሳይሪክስ» እንደማለት ነው (ቀልደኞች ነበሩ)፡፡ ግን 6ኤክስ86 የተባለው ፕሮሰሰራቸው ይህ ትእዛዝ ተዘግቶበት ነበር የሚወጣው፡፡ ከፔንቲየም ጋር ሊፎካከር የመጣው ዕቃ በብዙ ፕሮግራሞች ዓይን 486 ሆኖ ቀረ፡፡ ፔንቲየም ካላየን የሚሉት ጭራሽ አልነሳም አሉት፡፡

እ.ኤ.አ. በ2008 አርስ ቴክኒካ የተባለው ድረ ገጽ የቪያ ናኖን ስም ቀየረ፤ የናኖ ስም በሶፍትዌር ይቀየራል፡፡ «ጀኑዊን ኢንቴል ነኝ» ሲል ፒሲማርክ 2005 የተባለው መለኪያ ለሜሞሪው የሚሰጠው ነጥብ በ47 በመቶ ገደማ አደገ፡፡ ዕቃው ግን ያው ነው!

ዴንማርካዊው አግነር ፎግ ነገሩን እስከ ሥሩ ሄደበት፡፡ የኢንቴል ኮምፓይለር የሚያወጣው ፕሮግራም ፈጣኑን መንገድ የሚከፍተው የኩባንያውን ስም አይቶ መሆኑን ደረሰበት፤ ለኢንቴልም አመለከተ፡፡ «አይሰራም» ብሎ ብቻ አላለፈም፤ ቪያ ላይ ስሙን እየቀየረ ፍጥነቱን ለክቶ አሳየ፡፡ እኛ ጋ ይህ ዓይነት ሪፖርት ብርቅ ነው፤ ፎርማት እናስደርግና እንገላገላለን፡፡ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ከኢንቴል ጋር በደረሰበት ስምምነት ኩባንያው ለኮምፓይለሩ ተጠቃሚዎች እውነቱን እንዲናገር ተገደደ፡፡

በስም መሳሳት ለፊደላችንም ደርሷል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግዕዝን ሲያስገባ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን ቁጥሮች እንደ 0-9 ያሉ አሃዞች አድርጎ መዘገባቸው፡፡ ዜሮ የለንም፣ ዐሥርም ሃያም የየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ ይህ ግን ከቁጥር አልገባም፡፡ ያንን መዝገብ የሚያምን ፕሮግራም ፩ እና ፪ን ጎን ለጎን ሲያይ 12 ብሎ ሊያነብ ይችላል፡፡ የኛ 12 ግን ፲፪ ነው፡፡ በኋላ እትሞች ስህተቱ ታርሞ ዛሬ ቁጥሮቻችን «ሌላ ቁጥር» በሚለው ምድብ ውስጥ ይገኛሉ፡፡