የ50 ፓውንዱ ምላስ

ወፍራም ቀይ ከንፈር፣ የተከፈተ አፍ፣ ከጥርስ ሥር ወጥቶ ወደ ታች የተዘረጋ ምላስ። የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስን አንድ ዘፈን እንኳ ለይቶ የማያውቅ ሰው ይህን ሥዕል ያውቀዋል። በካናቴራ ደረት፣ በሞተር ሳይክል ሰርባትዮ፣ በቁልፍ መያዣና በቡና ኩባያ ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዓለምን ሲዞር ኖሯል። “የማን ሥራ ነው?” ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙ ሰው ሳያመነታ “የአንዲ ዋርሆል” ይላል፤ ታዋቂውን አሜሪካዊ ሠዓሊ ማለቱ ነው። መልሱ ስህተት ነው። ዋርሆል ይህን ምላስ አልሳለውም። እውነተኛው ሠሪ በጊዜው ስሙን ማንም የማያውቀው የለንደን ተማሪ ሲሆን፣ ለሥራው መጀመሪያ የተከፈለው 50 ፓውንድ ብቻ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ1970 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሮሊንግ ስቶንስ በዚያ ዓመት ታላቅ ለውጥ ላይ ነበሩ። ሸክላዎቻቸውን ለዓመታት ሲያሳትምላቸው ከቆየው ከዴካ ኩባንያ ጋር የነበራቸው ውል አብቅቶ የራሳቸውን አሳታሚ ለማቋቋም ተነሥተዋል። አዲሱን ድርጅት እንዲመራ የመረጡት ማርሻል ቼስን ነው። ቼስ የቺካጎን ብሉዝ ለዓለም ያሰማው የቼስ ሬኮርድስ መሥራች ልጅ ነው፤ ስቶንሶችም በወጣትነታቸው በዚያ ኩባንያ ሸክላዎች የሰከሩ ነበሩ። አዲስ ቤት ሲከፈት አዲስ አርማ ያስፈልጋል።

የባንዱ ቢሮ በዚያው ዓመት ለአውሮፓ የኮንሰርት ጉዞ ፖስተር የሚሠራለት ሰው ሲፈልግ የለንደኑን ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ጠየቀ። ኮሌጁ የላከው የማስተርስ ትምህርቱን ሊያጠናቅቅ የተቃረበውን ጆን ፓሽን ነበር። ፓሽ የመጀመሪያውን ረቂቅ ይዞ የባንዱ ድምፃዊ ሚክ ጃገር ፊት ሲቀርብ ጃገር አልወደደለትም፤ ቀለሙም አቀማመጡም አልጣመውም። ተማሪው ግን ተስፋ አልቆረጠም። ተመልሶ የ1930ዎቹን የመርከብ ጉዞ ማስታወቂያዎች የሚያስታውስ ሌላ ፖስተር ሠራ፤ ይኼኛው ተወደደለት። የሚቀጥለው ሥራ በር የተከፈተለትም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ሰነድ ሚያዝያ ወር ላይ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ነው። የባንዱን የለንደን ቢሮ ትመራ የነበረችው ጆ በርግማን፣ በኤፕሪል 29 ቀን 1970 ለፓሽ በጻፈችው ደብዳቤ በመጻፊያ ወረቀት ላይ፣ በኮንሰርት ፕሮግራም ሽፋንና ለጋዜጠኞች በሚታደለው ጥራዝ ሽፋን ላይ የሚያገለግል አርማ ወይም ምልክት እንዲፈጥር ትጠይቀዋለች። ደብዳቤው ላይ ቀኑ አለ፣ ሥራው በግልጽ ተዘርዝሯል፣ የታዘዘው ሰው ስምም ሰፍሯል። በኋላ ለተነሣው ክርክር ሁሉ መነሻም መድረሻም ሊሆን የሚገባው ይህ ወረቀት ነው።

ሐሳቡን በተመለከተ ጃገርም ድርሻ አለው፤ ይህን ፓሽ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ጃገር በቤቱ አቅራቢያ ካለ ሱቅ ያገኘውን የሂንዱ አምላክ የካሊን ሥዕል አሳየው። ካሊ ምላሷን ወደ ውጭ ዘርግታ የምትሳል ኃያል አምላክ ናት። ዘመኑ የለንደን ወጣቶች በህንድ ሙዚቃ፣ ልብስና እምነት የተማረኩበት ስለነበር ፓሽ የካሊን ሙሉ ምስል ወስዶ ቢያስማማው ኖሮ ማንም አይደነቅም ነበር። እሱ ግን ከሥዕሉ የወሰደው አፉንና ምላሱን ብቻ ነው። ህንዳዊ ጌጥ የሞላበት አርማ ፋሽኑ ሲያልፍ አብሮ እንደሚያረጅ ገብቶታል። ምላስ ማውጣት ግን ሕፃን ልጅ ሳይቀር በትልቅ ሰው ላይ የሚያደርገው የእምቢታ ምልክት ነው። የባንዱ ዝና የተገነባው ደግሞ በዚሁ እምቢተኝነት ላይ ነበር። በዚያ ላይ የጃገር የራሱ ወፍራም ከንፈር አለ።

ሥዕሉን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የተማሪው ብስለት ይታያል። አርማው ላይ አንድም ፊደል የለም፤ የባንዱ ስም አልተጻፈም። ዓይን የለም፣ አፍንጫ የለም፣ ፊት የለም። ጥቂት ጠንካራ መስመሮች፣ ከንፈሩና ምላሱ ላይ ብርሃን ያረፈባቸው የሚመስሉ ነጫጭ ሰረዞች፣ ከጥርሱ ጀርባ የጉሮሮው ጥቁረት፤ በቃ። በመሆኑም በሸክላ መካከል በምትለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ ቢያንስም፣ በስታዲየም መድረክ ላይ ቢገዝፍም ያው ራሱ ነው። አንድ ምልክት በየትኛውም መጠንና በየትኛውም ማተሚያ ቅርጹን ሳይስት እንዲኖር ማድረግ የዚህ ሙያ ከባዱ ፈተና ነው። ፓሽ ፈተናውን ያለፈው ገና ከትምህርት ቤት ሳይርቅ ነው።

ውዝግቡ የመጣው ሥዕሉ አትላንቲክን ሲሻገር ነው። የአዲሱ ኩባንያ የመጀመሪያ አልበም “ስቲኪ ፊንገርስ” በ1971 የጸደይ ወር ሊወጣ ተዘጋጀ። የሽፋኑን ሐሳብ ያመነጨው በእርግጥም አንዲ ዋርሆል ነው፦ ከወገብ በታች የሚታይ ጂንስ ሱሪ፣ እሱም ላይ በእጅ የሚከፈት እውነተኛ ዚፕ። ይህን ሐሳብ ወደሚታተምና ወደሚሸጥ ዕቃ የለወጠው ግን የኒው ዮርኩ ዲዛይነር ክሬግ ብራውን ነበር። የብራውን ሥራ ቀላል አልነበረም። ሸክላዎቹ ተደራርበው ሲጫኑ የዚፑ ብረት ከላዩ ያለውን ሸክላ እየተጫነ ጎዳው፤ “ሲስተር ሞርፊን” የተሰኘው ዘፈን ያለበት ቦታ ተበላሸ። ብራውን መላ ዘየደ፦ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ዚፑ እስከ መካከል ድረስ ዝቅ ይደረግ አለ። እንዲህ ሲሆን የብረቱ ጫና የሚያርፈው ድምፅ በተቀረጸበት ክር ላይ ሳይሆን በሸክላው መሐል ባለችው የወረቀት ክብ ላይ ሆነ። ስንት ሺህ ሸክላ ከብልሽት የዳነው በዚህ ብልሃት ነው።

የአልበሙ የውስጥ መያዣ ምላሱን እንዲይዝ ተወስኖ ነበር። ሆኖም ጊዜው አጥሯል፤ ብራውን እጅ የገባውም ከለንደን የመጣ ጥራቱን ያልጠበቀ ትንሽ ቅጂ ነበር። ስለዚህ አጉልቶ በሠዓሊ እንደገና አስሳለው። ከዚህ ወዲህ ሁለት ምላሶች ኖሩ። የአሜሪካው ጠበብ ረዘም ያለ ሆነ፤ የብርሃን ሰረዞቹም በዙ። በእንግሊዝ በታተመው አልበም ላይ ግን የፓሽ የራሱ ሥዕል ወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው ልዩነቱን ይለያል፤ ሐሳቡ፣ አነሣሡና አፉ የተከፈተበት መንገድ ግን አንድ መሆኑንም አብሮ ያያል።

ዋርሆል የምላሱ አባት ተብሎ የቀረው በዚሁ አልበም ምክንያት ነው። በውጭ የዋርሆል ዚፕ፣ በውስጥ ምላሱ፤ ሸማቹ ሁለቱን አንድ ላይ ገዛ፣ ሁለቱንም ለታዋቂው ሰው ሰጠ። ዝና ዝናን ይስባል፤ ስም የሌለው ሰው ሥራ ስም ወዳለው ይሄዳል። በዚያ ሽፋን ዙሪያ የጠራ ነገር ጥቂት ነው። ጂንሱን የለበሰው ሰው ማን እንደሆነ እንኳ ሲያከራክር ኖሯል። ብዙዎች ጃገር ነው ብለው አመኑ፤ እሱ ግን አልነበረም። በዋርሆል ፊልሞች የሚታወቀው ተዋናይ ጆ ዳሌሳንድሮ “እኔ ነኝ” ብሏል።

ሌሎች ባለቤት ነን ባዮችም ተነሥተዋል። ያን ጊዜ ከብራውን ጋር ይሠራ የነበረው ኧርኒ ሴፋሉ የምላሱ ዲዛይነር እኔ ነኝ ሲል ቆይቷል። በ1972 የወጣውን “ተምብሊንግ ዳይስ” የተሰኘ ነጠላ ዜማ ሽፋን የሠራው ሩቢ ማዙርም የከንፈርና የምላሱ ሐሳብ የእኔ ነው ይላል። እነዚህ ሰዎች በሙያቸው የተከበሩ ናቸው፤ በዚያ ዘመን በአሜሪካ የሸክላ ሽፋን ሥራ ውስጥም አሻራቸው አለ። ግን ቀን ይመሰክር ብንል፣ የማዙር ሽፋን የወጣው ምላሱ በገበያ ላይ ከዋለ አንድ ዓመት በኋላ ነው። በኒው ዮርክ የተሳለው ምላስም የተሳለው ከለንደን የመጣን ሥዕል መነሻ አድርጎ ነው።

ለፓሽ የሚመሰክሩት ደግሞ ብዙ ናቸው። የ1970ው ደብዳቤ አለ። በ1972 ባንዱ በሥራው ተደስቶ 200 ፓውንድ ጨምሮለታል። በ1976 የባንዱን መብት ከሚያስተዳድረው ሙሲዶር ከተባለ የኔዘርላንድ ድርጅት ጋር ውል ተፈራርሞ ከአርማው ሽያጭ ድርሻ ማግኘት ጀመረ። በ1982 ደግሞ የቅጂ መብቱን ለባንዱ በ26,000 ፓውንድ ሸጠ። አንድ ድርጅት አንድን ነገር ባለቤቱ ካልሆነ ሰው አይገዛም፤ ባንዱ ከፓሽ መግዛቱ ብቻ ባለቤቱ ማን ነው ብሎ ያምን እንደነበር ይናገራል። ፓሽ ለምን እንደሸጠ ሲያስረዳ፣ ምልክቱ ለረጅም ዓመታት የባንዱ ተደርጎ ሲታይ በመኖሩ መብቱን በፍርድ ቤት ቢሟገትበት ሊያጣው ይችል እንደነበር ተናግሯል። ያኔ የሚበቃ ይመስል የነበረው ገንዘብ ዛሬ ምልክቱ ከሚያስገባው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ፓሽ ያልሸጠው አንድ ነገር ነበረው፤ በእጁ የሳለውን ዋናውን ሥዕል። ያንን በ2008 በአሜሪካ ጨረታ አወጣው። የገዛው የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው፤ ዋጋው 92,500 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን ግማሹን አርት ፈንድ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሸፈነ። ሙዚየሙ ሥዕሉን በጆን ፓሽ ስም መዝግቦ አስቀምጦታል። አንድ ሙዚየም ይህን ያህል ገንዘብ አውጥቶ ስም ሲጽፍ በአሉባልታ አይጽፍም፤ መርምሮ ነው።

ይህን መሳይ ክርክር በሮሊንግ ስቶንስ አላበቃም። የአሜሪካውን የሮክ ባንድ የኒርቫናን ቢጫ ፊት የሚያውቅ ያውቃል፦ ዓይኖቹ የኤክስ ምልክት፣ አፉ የተጣመመ፣ ምላሱ የወጣ። የባንዱ ድርጅት ድምፃዊው ኩርት ኮቤይን በ1991 የሳለው ነው ይላል፤ ኮቤይን ግን በ1994 ስላረፈ ሊጠየቅ አይችልም። በ2018 ድርጅቱ የፋሽን ኩባንያውን ማርክ ጄኮብስን ሥዕሉን ቀድተሃል ብሎ ሲከስ፣ የኒርቫናን አልበሞች ባሳተመው በጌፈን ሬኮርድስ የጥበብ ዳይሬክተር የነበረው ሮበርት ፊሸር በ2020 ብቅ ብሎ “የሳልሁት እኔ ነኝ” አለ። ዳኛው መብቱ የፊሸር እንዳልሆነ ወሰነ፤ ምክንያቱም ተቀጥሮ ሳለ የሠራው ሥራ ለራሱ አይሆንም። ጉዳዩም በ2024 በስምምነት ተዘጋ። ልብ በሉ፤ ፍርድ ቤቱ የመረመረው መብቱ የማን እንደሆነ ነው። ብዕሩን የያዘው እጅ የማን ነበር የሚለው ጥያቄ በፍርድ አልተቋጨም፤ ምናልባትም አይቋጭም። በኮቤይንና በፊሸር መካከል የበርግማንን የመሰለ ደብዳቤ የለምና።

በእነዚህ ሁለት ታሪኮች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ወረቀት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጻፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ ፓሽን ከመረሳት ያዳነው ደብዳቤው፣ ውሉና ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልጣለው ሥዕሉ ናቸው። እነዚህ ባይኖሩ ዛሬ ዓለም በሙሉ በአንድ ድምፅ “ዋርሆል” ባለ ነበር።

ለየባለቤቱ የድርሻውን እንስጥ ካልን ፍርዱ አስቸጋሪ አይደለም። የካሊን ሥዕል አምጥቶ መንገድ ያመለከተው ሚክ ጃገር ነው። ዚፑን ያሰበው አንዲ ዋርሆል ነው። ዚፑን ከነሸክላው ለገበያ ያበቃውና ምላሱን ለአሜሪካው እትም አስተካክሎ ያስሳለው ክሬግ ብራውን ነው፤ ይህ ሥራ በራሱ ክብር ይገባዋል፣ የሌላውን ማዕረግ መውሰድ አያስፈልገውም። አርማውን የፈጠረው ግን ጆን ፓሽ ነው። እናንተ በዲዛይን፣ በሥዕልና በኅትመት ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶች ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዙ፦ የታዘዛችሁትን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ረቂቃችሁን አትጣሉ፣ ሥራችሁ ላይ ስማችሁንና ቀኑን አኑሩ። ሥራ አሠሪዎችም የሠሪውን ስም ከሥራው አትለዩ።