ባሕር ዛፍ ቆራጮች ማወቅ ያለባቸው ነገሮች

ከደጀን በቢቸና አድርጋችሁ ወደ ሞጣ ስትሄዱ ባሕር ዛፍ ታያላችሁ። በአፄ ምኒልክ ዘመን አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ የብዙ ወጣት የዕለት ገቢ ነው። ቆረጣው ግን ሕይወት ያስከፍላል። የዓለም ሥራ ድርጅትም የደን ሥራን በብዙ አገሮች በጣም አደገኛ ከሆኑት ዘርፎች ይመድበዋል። ለዚህ ነው ይህን ያዘጋጀንላችሁ።

🔴 አደጋው ከየት ይመጣል?

▪️ ንፋስ ወይም ተዳፋት ዛፉን ካልታሰበበት አቅጣጫ ሲጥለው
▪️ ያጋደለ ግንድ ተቆርጦ ሳያልቅ ቁመቱን ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ሲመታ
▪️ የሞተር መጋዝ ጫፉ እንጨት ነክቶ ወደ ቆራጩ ሲፈናጠር
▪️ ዛፉ ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ ሲቀር። ይሄ ከባዱ ነው። ሥሩ አትግቡ፣ የተደገፈበትንም ዛፍ አትቁረጡ። ከሩቅ በገመድ ሳቡት።

🟢 ከመቁረጣችሁ በፊት

1. ቀና ብላችሁ እዩ፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ወይም የመብራት ሽቦ ሊኖር ይችላል።
2. በዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ርቀት ውስጥ ከቆራጩ በቀር ማንም አይኑር። ዛፉ 20 ሜትር ከሆነ 40 ሜትር ማለት ነው። ጭራሮ ለቃሚ ልጆችን አርቁ።
3. መሸሻችሁን ቀድማችሁ ጥረጉ። ከመውደቂያው በተቃራኒ፣ ግን በሰያፍ ሽሹ። ቀጥታ ወደ ኋላ ከሸሻችሁ ግንዱ ተስፈንጥሮ ሊመታችሁ ይችላል።
4. መጀመሪያ በመውደቂያው በኩል የግንዱን ውፍረት ሩብ ያህል ቁረጡ። ከዚያ በጀርባው፣ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ። ሁለቱን ግን አታገናኙ። መሃል ላይ የሚቀረው እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ አወዳደቁን ይመራል።

🔵 ጉዳት ቢደርስ ማን ያሳክማል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ ብቻውን መብት አያሳጣም። ሰክሮ ለተጎዳ ግን ኃላፊነት የለበትም። ሥራውን በራሱ ኃላፊነት በቁርጥ የያዘ ሰውም በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ስለዚህ ምሳር ከማንሳታችሁ በፊት፣ ምስክር ባለበት፣ «ብጎዳ ማን ያሳክመኛል?» በሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራትም ክልክል ነው።

🚑 ሰው ከተጎዳ

የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ጀርባውን ወይም አንገቱን ከተመታ፣ ሌላ አደጋ ካላሰጋ በቀር አታንቀሳቅሱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ኔትወርክ የት እንደሚሠራም ቀድማችሁ እወቁ።

ቆራጭ ወንድም ወይም ጓደኛ ያላችሁ ሼር አድርጉለት 🙏