ገመዱ ቢበጠስስ?

ሊፍትን የፈጠረው አሜሪካዊው ኤልሻ ኦቲስ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አይደለም። ዕቃን በገመድ ወደ ላይ መሳብ ከእሱ በፊት ብዙ ዘመን የኖረ ሥራ ነው። ችግሩ ገመዱ የተበጠሰ ዕለት ነው፤ ጭነቱም፣ አብሮት የቆመው ሠራተኛም ቁልቁል ይወርዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1852 ኦቲስ በኒውዮርክ ግዛት፣ ዮንከርስ ከተማ፣ በአንድ የአልጋ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ከባድ ዕቃ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣ ማንሻ ሲሠራ፣ ገመዱ አንድ ቀን መበጠሱ እንደማይቀር ቆጥሮ ነው የሠራው። የጋሪ ባሌስትራ ወስዶ ከማንሻው አናት ላይ ገጠመ፤ ገመዱንም ከባሌስትራው ጋር አሰረው። ጭነቱ ተንጠልጥሎ ሳለ ባሌስትራው እንደ ደጋን ተወጥሮ ይጎብጣል። ገመዱ ሲበጠስ ግን ይዘረጋና ጫፎቹ በግራና በቀኝ ባሉት ጥርስ ያላቸው ሐዲዶች ውስጥ ገብተው ይቆልፋሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

በ1854 በኒውዮርኩ ክሪስታል ፓላስ ኤግዚቢሽን ራሱ ማንሻው ላይ ቆሞ፣ ሕዝብ እያየ ገመዱን አስቆረጠ። ማንሻው ትንሽ ወረደና ቀጥ አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ በብሮድዌይ ጎዳና ባለ አንድ መደብር ውስጥ ለሰው የሚሆን ሊፍቱ ሥራ ጀመረ። (ኦቲስ በ1861 በ49 ዓመቱ ያረፈው በዲፍቴሪያ ነው። ዛሬ ልጆቻችን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚከተቡት አንዱ ለዚሁ በሽታ ነው።)

እኔ ይህን ሥራ የምወድለት ምክንያት አለኝ። «ተጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍ ከደከመ ሠራተኛ ብዙ ይጠብቃል፤ ባሌስትራው የሚጠብቀው ነገር የለም።

ግንባታ ላይ የምትሠሩ፣ የዕቃ ማንሻችሁ እንዲህ ያለ መቆለፊያ እንዳለው አሠሪያችሁን ጠይቁ። ለዕቃ ብቻ በተሠራ ማንሻ ሰው አይሳፈር፣ ከተንጠልጣይ ጭነት ሥርም አይቁም።

ከፍታ ላይ ወድቆ በእግሩ ያረፈ ሰው ተረከዙ ሲሰበር ጉልበቱ ወደ ላይ ተጉዞ የወገብ አጥንቱንም ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ «እግሬን ብቻ ነው» ቢላችሁም አታስነሡት፣ አጥፋችሁም ታክሲ ውስጥ አታስገቡት። ራሱንና አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ ደግፋችሁ ያዙና 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ።